ለሞተር ሳይክል መካኒኩ፦ ጭሱን መለካት ተማር

ውድ ወንድሜ፣

በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ተመርቀህ ሰበታ መውጫ ላይ ባለ ጋራዥ ሞተር ሳይክል እየጠገንህና የሞተሩን ጉልበት እየጨመርህ ሁለት ዓመት እንደሠራህ፣ የጭስ ሕግ በየአገሩ ሲጠብቅ ግን በዚሁ ሙያ መቀጠል ያዋጣ እንደሆነ መጨነቅ እንደጀመርህ ጽፈህልኛል። ሙያው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ፤ ደንበኛ ገንዘብ የሚከፍልበት ሥራ ግን ይለወጣል።

ለምን እንደሚለወጥ ከራስህ ሥራ እንነሣ። ሰበታም ሆነ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩ ከቆላው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ አየር በተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን ቀላቃይ) የመጣ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላውን ስትፈታው ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ጠቁሮ ታገኘዋለህ። አንተም አነስ ያለ ጄት (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ትገጥማለህ ወይም መርፌውን ዝቅ ታደርጋለህ፤ ሞተሩም ይቀለዋል። ይህ ሊናቅ የማይገባው እውነተኛ ሙያ ነው። ነገር ግን ሕንድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ባራት ስቴጅ 6 የተባለውን የጭስ ደረጃ፣ አውሮፓም በዚያው ዓመት ዩሮ 5ን ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ ለእነዚህ ገበያዎች የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ካርቡሬተርን ትተው ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ ወደሚረጨው ኢንጀክሽን ተሻገሩ። በዚህ ሞተር ላይ የአየሩን ግፊት የሚያነበው ሴንሰር ነው፤ በጭስ መውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ድብልቁ በክብደት ወደ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን እንዲጠጋ ለኮምፒውተሩ መረጃ ይሰጣል። አንተ በካንዴላ ቀለምና በጆሮህ የምትለየውን ሞተሩ ራሱ እየሄደ ያርመዋል ማለት ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ደንበኞች ድምፁ እንዲጎላ ማርሚታውን አስከፍተው በውስጡ ያለውን፣ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊስት እንድታወጣላቸው እንደሚጠይቁህና ጥሩ እንደሚከፍሉህ ነግረኸኛል። ስምህን በዚህ ሥራ ላይ አትገንባ። የጎላ ድምፅ ጉልበት አይደለም፤ ካታሊስቱ ሲወጣ ያልተቃጠለው ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚቀረው መንገድ ዳር በሚሄዱት ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው። ሕጉም ሲመጣ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ በአሜሪካ ሃርሊ ዴቪድሰን የጭስ መቆጣጠሪያውን ከሥራ ውጭ የሚያደርጉ የጉልበት መጨመሪያ መሣሪያዎችን በመሸጡ እ.ኤ.አ. በ2016 የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

እኛም ዘንድ አቅጣጫው ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በካርቡሬተር የሚሠሩት ሞተሮች ግን በአንድ ቀን ከመንገድ ስለማይጠፉ፣ የያዝኸውን ሥራ ሳትለቅ የሚጎድልህን ለመጨመር ጊዜ አለህ። በቅድሚያ የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ትምህርትህን አጥብቅ፤ በመልቲሜትር የሴንሰር ቮልቴጅ ለክቶ ጉድለቱ ከገመዱ ይሁን ከሴንሰሩ የሚለይ ልጅ ለኤሌክትሪክ ሞተርም ግማሽ መንገድ ተዘጋጅቷል። ቀጥሎ የስህተት ኮድ ማንበቢያና የጭስ መለኪያ አጠቃቀም ተማር። የእነዚህ ዋጋ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ፣ ከጋራዡ ባለቤት ጋር ተነጋግራችሁ በጋራ ብትገዙት እመርጣለሁ።

ለአጭር ሥልጠና ከመክፈልህ በፊት ግን ማሠልጠኛው ድረስ ሂድና ተማሪው በእጁ የሚፈታው የኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል እንዳላቸው አሳዩኝ በላቸው። የሚያሳዩህ ሥዕልና ሰሌዳ ብቻ ከሆነ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።