ኢምን በግማሽ ቀን ለማየት

እህቴ፣ «ከሼፊልድ በአውቶቡስ ሄጄ እንግሊዝ ውስጥ ያለውን ያንን የቸነፈር መንደር፣ ኢምን፣ በግማሽ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ላልሽው፣ አዎ፣ ይበቃሻል። ሹፌሩን ስትጠይቂ «ኢም» በይው፤ ጽሑፉን (Eyam) አይተሽ «ኢያም» ካልሽ ላይገባው ይችላል።

ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉትን ቤቶች ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የታሪኩ ልብ ያለው ከመንደሩ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ከለንደን ለመንደሩ ልብስ ሰፊ የተላከ ጨርቅ ቸነፈሩን የሚያስተላልፍ ቁንጫ ይዞ ገባ ይባላል። እርጥቡን ጨርቅ እሳት ዳር ያሰጣው ጆርጅ ቪካርስ ሴፕቴምበር 7 ሞተ። በ1666 ጁን ላይ የደብሩ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን፣ ቀድሟቸው ያገለገሉት ቶማስ ስታንሊ አግዘዋቸው፣ ሕዝቡን አሳመኑ፤ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይዛመት ማንም ከመንደሩ ላይወጣ፣ ጸሎቱ ሜዳ ላይ ሊሆን፣ ሟቹንም እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ሊቀብር ተስማሙ። መቃብሮቹ በየማሳው የተበተኑት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሙዚየሙ ግቢ፤ አንድ ሰዓት ስጪው። በብርዱ ወራት ይዘጋል፣ ሰኞም እንዲሁ፤ ስለዚህ ቀኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ከዚያ ወደ ቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ውረጂ። ቅጥሩ ውስጥ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ የሳክሰን የድንጋይ መስቀልና ኦገስት 1666 የሞተችው የቄሱ ሚስት የካትሪን መቃብር አለ። ጎን ያሉት ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ የሟቾቹን ስም ከውጭ ካለው ሰሌዳ አንብቢ እንጂ በመስኮት አትመልከቺ።

ከአደባባዩ ሊድጌት በሚባለው መንገድ በኩል ወደ ጎረቤት መንደር ስቶኒ ሚድልተን የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዢ። በ20 ደቂቃ ገደማ የወሰኑ ድንጋይ ጋ ትደርሻለሽ። ላዩ ላይ ጉድጓዶች አሉት። የመንደሩ ሰዎች ከውጭ የሚመጣላቸውን ምግብ ሂሳብ አቼቶ በሞላባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ አቼቶው በሽታውን ከሳንቲሙ ያጠራል ብለው ስለሚያምኑ። ጣትሽን ብታስገቢበት የጉድጓዱ ጠርዝ ልሙጥ ነው። ዝናብ ከነበረ ማሳው ጭቃ ነው፣ በስኒከር አትሂጂ።

የራይሊ መቃብሮች ከመንደሩ በስተምሥራቅ ዳገቱ ላይ ናቸው። ጊዜ ካጠረሽ ሌላውን ተዪ እንጂ ይሄን አትዝለዪ። ክብ የድንጋይ አጥር ውስጥ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ በስምንት ቀን ውስጥ በገዛ እጇ የቀበረቻቸው የባሏና የስድስት ልጆቿ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ዙሪያው ማሳ ብቻ ነው።

የኦገስት የመጨረሻው እሑድ የመታሰቢያው ጸሎት ስለሚደረግ መንደሩ ይጨናነቃል። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ተመልከቺ፤ ካመለጠሽ ግሪንድልፎርድ ባቡር ጣቢያ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል።