«ቦምብ የለንም፤ ምን ልናገር?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር የጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከናጋሳኪ፣ ከካዛኪስታንና ከአሜሪካ ተማሪዎች ጋር ስለ ሰላምና ስለ ኑክሌር ትጥቅ መፍታት በዙም በሚደረግ ውይይት ላይ እንድሳተፍ ተመርጫለሁ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ኑክሌር አለን እንዴ? የራሳችንን ጦርነት መች ጨረስንና ነው ጃፓን ድረስ ሰላም የምትሰብኪው?» አሉኝ። እውነታቸውን መሰለኝ። ፖለቲካ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ልግባ ወይስ ልቅር? ከገባሁስ ምን እላለሁ?

መልስ፦ ግቢ እንጂ! ምን በወጣሽ ትቀሪያለሽ።

በጓደኞችሽ አልፈርድም። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ውይይቶችን አስተባብር ነበር፤ ሁሌም ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው። የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም ሕገወጥ ነው ብሎ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1961 ያጸደቀው ውሳኔ አለ፤ ቁጥሩ 1653 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ፊት ሆና የገፋችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገር ደገፈ፣ 20 ተቃወመ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃወሙት ጋር ነበሩ። ሶቭየት ኅብረት ቦምብ እያላት ደገፈች። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔቭ ላይ የ18 አገሮች የትጥቅ መፍታት ኮሚቴ ሲቋቋምም ኢትዮጵያ ወንበር ነበራት። ስለዚህ እንግዳ ሆነሽ አይደለም የምትገቢው።

ምን ልበል ላልሽው፣ ያየሁትን ልንገርሽ። በአንዱ ውይይት ላይ የኛ ልጅ ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ መጣ። «ኑክሌር የሰው ልጅ ጠላት ነው» ብሎ ጀመረ፤ በዚያው ጨረሰ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ከሱ ቀጥላ የኮረም ልጅ ተናገረች። የአያቷ አባት በ1936 ከማይጨው ሲመለሱ፣ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ከጣሊያን አውሮፕላን የተረጨው መርዝ እግራቸውን እንዴት እንደላጠው አወራች። አያቷ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ባዩ ቁጥር ይህንኑ ያነሱ ነበር፤ አባታቸው ከዚያ በኋላ ጫማ ማድረግ አልቻሉማ። ደቂቃ ቢፈጅባት ነው።

አንዷ የናጋሳኪ ተማሪ ወዲያው ማይኳን ከፈተች። «የተጎዱት ሰዎች ስም የት ነው የተመዘገበው? የሕክምና ደብተርስ ተሰጥቷቸው ነበር?» ጥያቄው ካገሯ የመጣ ነው። በ1945 አሜሪካ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከጣለችው የኑክሌር ቦምብ የተረፉት፣ ሂባኩሻ የሚባሉት፣ ከ1957 ጀምሮ መንግሥት በሰጣቸው የጤና ደብተር ይታከማሉ። በ2025 ሲቆጠሩ 99,130 ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ86 አልፏል። የኛዋ ልጅ ዝም አለች። የቀረው ሰዓት በሙሉ በዚህ አለቀ፦ ተጎጂን ማን ይመዘግባል? ያልተመዘገበውንስ ማን ያስታምመዋል? ይኼ ደግሞ ተራ ወሬ አይደለም። በ2017 በ122 አገሮች ድጋፍ የጸደቀው፣ በጃንዋሪ 2021 ሥራ ላይ የዋለው የኑክሌር መሣሪያ ክልከላ ስምምነት አንቀጽ 6 ስለ ተጎጂዎች እርዳታ ነው። ሳያውቁት አንቀጹ ላይ ደርሰው ነበር። አንቺም ከቤትሽ የምታውቂው ነገር ካለ ይዘሽ ግቢ። ከሌለ መጠየቅም ይበቃል።

«ፖለቲካ አልተማርኩም» ያልሽው ግን አስቆኛል። ከመሬት በታች ቦምብ መሞከሩን የሚለየው እኮ ዲፕሎማት አይደለም፤ ያንቺ ሙያ ነው። ፍንዳታ ዓለቱን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ስንጥቅ ላይ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ፍንዳታ ሲሆን ፒ ሞገዱ (ቀድሞ የሚደርሰው የግፊት ንዝረት) ጎላ፣ ኤስ ሞገዱ (ተከትሎ የሚመጣው የጎን ንዝረት) እና በመሬት ገጽ የሚሄደው ሞገድ ደከም ይላል። ሰሜን ኮሪያ በሴፕቴምበር 2017 ስትሞክር መሬቱ በሬክተር 6 ገደማ ተንቀጥቅጧል፤ መደበቅ የሚቻል አይደለም። የኑክሌር ሙከራን የሚያግደው የ1996 ስምምነት ለዚሁ የሚሆን ዓለም አቀፍ የጣቢያዎች መረብ አለው፤ አንዱ የመሬት ንዝረት መለኪያ (ሴይስሚክ) ጣቢያ እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ ተራራ ላይ ነው። ኑክሌር አለን ወይ ላሉሽ ጓደኞችሽ ፉሪን ጥሪላቸው። ስምምነቱን ለማስፈጸም የተቋቋመው ድርጅት፣ ሲቲቢቲኦ (CTBTO)፣ ከ2016 ጀምሮ የወጣቶች ቡድን አለው። ተማሪ ይቀበላሉ፤ ክፍያም የለውም። ተመዝገቢ።

የካዛኪስታኑን ልጅ በደንብ ስሚው። ሶቭየት ዛሬ ካዛኪስታን ውስጥ ባለው ሰሚፓላቲንስክ ላይ ከ1949 እስከ 1989 ድረስ 456 ጊዜ ቦምብ ሞክራለች። ለሱ የጎረቤት ወሬ ነው።

አሜሪካዊው ምናልባት «ቦምቡ ባይኖር ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ይነሳ ነበር» ይልሻል። አትሳቂበት፤ ከልቡ ነው የሚያምነው። ስለ ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ጠይቂው። በ1983 የሶቭየቱ መኮንን ተረኛ ሆኖ ሳለ ሳተላይቱ ከአሜሪካ ሚሳይል ተተኩሷል ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ስህተት መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ደግነቱ ልክ ነበር። የአንድ ተረኛ ግምት ባይሰምርስ ኖሮ? ናጋሳኪዎቹንም «አገራችሁ የ2017ቱን ስምምነት ለምን አልፈረመችም?» በያቸው። በትሕትና ከሆነ አይቀየሙም፤ ራሳቸውም የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው።

የራሳችን ጦርነት ነገር ከበድ ይላል። የሚነሳ ከሆነ አትሸሺው፤ ግን የመናገር ግዴታም የለብሽም። ከመግባትሽ በፊት ውይይቱ ይቀረጽ እንደሆነ፣ ስምሽና ፊትሽ የት እንደሚወጣ አስተባባሪዎቹን ጠይቂ። ከተቀረጸ በልክ ተናገሪ። ነገ እዚሁ የምትኖሪው አንቺ ነሽ።

እንግሊዝኛውን ተይው፤ ለጃፓኖቹም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ይልቅ ሰዓቱን ያዢ። ግብዣው ላይ 9፡00 UTC (የግሪንዊች ሰዓት) ካለ፣ ለኛ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ለናጋሳኪዎቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በዚች ስንት ሰው ቀርቷል! መብራት ከጠፋ ብለሽም ስልክሽ ላይ ዳታ ሙዪ።

ከውይይቱ ማግስት አንድም ቦምብ አይቀንስም። 12,000 ያህል አሉ፤ ከ10 ወደ ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው የሩሲያና የአሜሪካ ነው። ጓደኞችሽ ይኼን ካነሱ ልክ ናቸው በያቸውና ስብሰባሽን ግቢ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የወጣቶች የሰላም ጉባኤ ላይ ተመርጠሃል የሚል ኢሜይል ደረሰው። 450 ዶላር ከላከ ቪዛውንም እንጨርሳለን ይላሉ። እናታችን ልትበደርለት ነው። ምን ትመክረናለህ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናታችሁን አስቁሙልኝ። የአሜሪካ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው፤ «እንጨርሳለን» የሚል ሰው ውሸታም ነው። የተባበሩት መንግሥታትም ለራሱ ስብሰባ ከወጣት የመመዝገቢያ ብር አይሰበስብም። ተማሪዎች ዲፕሎማት ሆነው የሚለማመዱባቸው፣ ሞዴል ዩኤን የሚባሉ ጉባኤዎች በእርግጥ ያስከፍላሉ፤ እነሱ ግን የድርጅቱ አይደሉም፣ ቪዛ አገኝልሃለሁም አይሉም። ኢሜይሉ የመጣበትን አድራሻ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩት። ጂሜይል ከሆነ መልስም አትስጡ። ፓስፖርቱን ፎቶ አንስቶ ልኮ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረኝ።