አባቴ «ነርስ» ይለኛል፣ ልቤ ባሕር ዳር ነው

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሃያ ዓመቴ ነው። ከወላጆቼና ከወንድሞቼ ጋር ከሲያትል በስተደቡብ እንኖራለን። አባቴ ታክሲ እየነዳ፣ እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ነው ያሳደጉን። ወጪ ላለማብዛት ብዬ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ስጠየቅ መልሴ «ነርሲንግ» ነው።

ባለፈው መጸው ክሬዲት ለመሙላት ያህል የውቅያኖስ ጥናት ኮርስ ወሰድኩ። በታኅሣሥ አንድ ምሽት ባሕሩ ሲሸሽ መምህራችን ወደ ዳርቻው ይዛን ወረደች። ግንባራችን ላይ መብራት አስረን፣ ድንጋይ ላይ ባስቀመጥነው የፕላስቲክ ካሬ ውስጥ የተጣበቀውን ፍጥረት ሁሉ እየቆጠርን ጻፍን። ጣቶቼ ደንዝዘው እርሳስ መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ «በቃ እንሂድ» ስትል ግን ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ማሪን ባዮሎጂ፣ የባሕር ሕይወት ጥናት ነው።

አባቴ የፎገራ ሰው ነው። ነገሩን ዳር ዳሩን ባነሳለት «ለነርስ የትም እንጀራ አለ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከባሕር ምን አላት?» አለኝ። አክስቴ ደግሞ ኮሙኒቲ ኮሌጅ መግባቴን ራሱን እንደ ውድቀት ነው የምታየው። ለጊዜው ማንንም ሳላስቀይም ከነርሲንጉም ከባሕሩም ግማሽ ግማሽ እየወሰድኩ ልቀጥል አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

በሁለት ልብ ያለሁ፣ ከዋሽንግተን ግዛት

መልስ

ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ሐሳብሽ ነው። ሁለቱም ትምህርቶች በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ስለሚጀምሩ አንዱ ለሌላው የሚሆን ይመስላል። በእናንተ ግዛት ኮሌጆች ለነርሲንግ የተለመደው ኬሚስትሪ 121 ነው፤ ለሳይንስ ተማሪ ግን ከ161 እስከ 163 ያለው ተከታታይ ኮርስ ነው። ባዮሎጂውም እንደዚሁ ይለያያል፦ ነርስ የምትሆነው የሰውን አካል አሠራር ትማራለች፣ አንቺ ደግሞ ለባዮሎጂ ተማሪዎች የተዘጋጀውን ተከታታይ ኮርስ ትወስጃለሽ፤ ካልኩለስም አለበት። አንዱን ሳያልፉ ቀጣዩ ስለማይወሰድ የአንድ ኳርተር (የሩብ ዓመት የትምህርት ወቅት) መዘግየት ዓመት ሊያስከፍልሽ ይችላል። ከዚህም ከዚያም ስትቆነጥሪ ሁለቱም ሳይሞሉ ለትምህርት የምታገኚው የገንዘብ ድጋፍ ያልቃል። ድጋፉ ወሰን አለው።

ስለዚህ ለአማካሪሽ በግልጽ ንገሪያት፦ የምፈልገው «አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ትራንስፈር፣ ትራክ 1» ነው በያት። 90 ክሬዲት ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሦስተኛ ዓመት ተማሪነት እንድትሻገሪ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በማሪን ባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1904 በተመሠረተው በፍራይደይ ሃርበር የምርምር ጣቢያ፣ ደሴት ላይ ተቀምጠው የመማር ዕድል አላቸው። አክስትሽን ደግሞ አታስጨንቂያት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የት እንደተማርሽ ዲግሪው ላይ አይጻፍም።

የማይጥመውንም ልንገርሽ። ዶልፊን ማቀፍ የለም። ሥራው ያን ምሽት የሠራሽው ቆጠራ ነው፤ የቀረው ጊዜ ኮምፒውተር ፊት ከስታቲስቲክስ ጋር ያልፋል። ገቢው በአብዛኛው ከነርስ ያንሳል፣ የሥራ ቦታውም ጥቂት ነው። በዚህ አባትሽ እውነቱን ነው። ይሁንና ያለሽበት አካባቢ ለዚህ ሙያ ደህና ቦታ ነው። የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አለ፤ የፌዴራሉ የዓሣ ምርምር ማዕከልም እዚያው ሲያትል ነው። የፌዴራል ዳኛው ቦልት እ.ኤ.አ. በ1974 የነባር ሕዝቦች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገቡት ውል ያላቸው መብት ከሚጠመደው የሳልመን ዓሣ እስከ ግማሽ እንደሚደርስ ከፈረዱ ወዲህ፣ ጎሳዎቹም የራሳቸውን የዓሣ ባለሙያዎች ያሠራሉ። እንስሳቱን መመገብና መንከባከብ ነው የሳበኝ ብትዪኝ ኖሮ የአኳሪየም ሳይንስ ወደሚያስተምረው ወደ ኦሪገን ኮስት ኮሙኒቲ ኮሌጅ በመራሁሽ፤ አንቺን ግን በዚያ ብርድ የያዘሽ መቁጠሩ ነው።

አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ አትላኪ፤ ለትዳር አልተጠየቅሽም። «ነርሲንግ» ማለትሽን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ ራስሽ አርሚው። ደግሞ የፎገራ ሰው ወደ ጣና የሚገባውን የጉማራን ወንዝ ሳያውቅ አይቀርም። በጣና ሐይቅ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ዐሥራ አምስት ያህል የትላልቅ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅ ውጪ አይገኙም። ከእነርሱ በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣሉ፤ አጥማጁም ወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ቁጥራቸው የተመናመነውም በዚሁ ነው። መቼ ማጥመድ እንደሚገባ ለመወሰን መጀመሪያ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከዚህ ትምህርት ምን እንዳላት ጀመርሽለት ማለት ነው።

መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሬንተን ከተማ ውሰጂው። እዚያ ቤተ መጻሕፍቱ በሴዳር ወንዝ ላይ ነው የተሠራው፤ ከባሕር የተመለሰው ቀይ ሳልመን ከሥሩ ሽቅብ ሲታገል ይታያል። በልጅነቱ ጉማራ ላይ ምን ያይ እንደነበር ጠይቂውና አታቋርጪው። የኮርሱን ዝርዝርና የክፍያውን ሂሳብ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ የምትሰጪው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሥራ ቦታው ጥቂት መሆኑንም እዚያው ላይ ጻፊው፣ ደብቃኛለች እንዳይል።

ምዝገባው ግን እስከ መስከረም አይጠብቅሽም። በሚቀጥለው ኳርተር ኬሚስትሪ 161ን ያዢ።