መልስ፦ እኛስ ለምን በመንገድና በግብር ጉዳይ ድምፅ አንሰጥም?
ወንድሜ፣ ኦክላንድ ያለችው እህትህ ለመንገድ ጥገና ብድር ድምፅ ሰጠች፣ ባህር ዳር ለምን እንዲህ የለም ላልከው፣ እዛ ካሊፎርኒያ ከተማው በንብረት ግብር የሚከፈል ቦንድ (የብድር ሰነድ ማለት ነው) ሊያወጣ ሲል ህዝቡን መጠየቅ ግዴታው ነው፣ ድምፅ ከሰጠው ሁለት ሶስተኛው እሺ ካላለ አያልፍም። እኛ ጋ ግን የምንመርጠው የከተማውን ምክር ቤት ነው፣ ከንቲባውን እነሱ ይመርጣሉ በጀቱንም እነሱ ያፀድቃሉ፣ የምክር ቤቱ ምርጫ ራሱ ከ2005 ወዲህ አልተካሄደም እኮ፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ። ህዝበ ውሳኔስ አገራችን አዲስ አይደለም፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን አይሁን የተባለበት ህዳር 10 ቀን 2012 ሲደረግ ወረቀቱ ላይ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ) እና ጎጆ ነበር ምልክቱ፣ ፊደል ያልቆጠረም አይቶ ይመርጣል። እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ክረምት ላይ ባጃጅ አይገባም፣ እናቴ ጤፏን አሸክማ በጭቃ ነው የምትገባው፣ እሷን ቢጠይቋት የትኛው መንገድ እንደሚቀድም አሳምራ ትነግራቸው ነበር።