«መኪናው ነው የሚሠራው፣ አንተ ምን ደከመህ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አዘንኩ። የሳቅሁት እኔም ልክ እንዳንቺ ስለነበርኩ ነው።

ጥያቄውን ላላያችሁት በአጭሩ ልበል። እህታችን ባለ አንድ ራስ (በአንዴ አንድ ልብስ ብቻ የሚጠልፍ) የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና ገዝታ እዚሁ ጅማ ሱቅ ከፍታለች። አንዲት ሙሽራ የሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ ይዛ መጣች። ደረቱና የታችኛው ጫፍ ይጠለፋል፣ በድምሩ 48 ሺህ ስቲች (መርፌዋ ጨርቁን የምትወጋበት ቁጥር)። 400 ብር ብትላት «ውድ ነው» ብላ ወጣች። ጎረቤት ያለው ሱቅ በ300 ይሠራል አሉ። «ዋጋ የሚወጣው በምንድን ነው? እኔስ አበዛሁ?» ነው ጥያቄዋ።

አላበዛሽም። እንዲያውም መሄዷ ነው ያተረፈሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

እኔ ሂርማታ አካባቢ በተራ ሲንጀር ልብስ ስሰፋ ኖሬ ነው ወደ ኮምፒውተር ጥልፍ የገባሁት። መኪናዋ ስትመጣ ዋጋ የማወጣው በስንዝር ነበር። እውነቴን ነው፣ በስንዝር። ደንበኛው የሚፈልገውን ያሳየኛል፣ እጄን ዘርግቼ እለካለሁ፣ በስንዝር ይህን ያህል ብዬ እናገራለሁ። አንድ ቀን ሁለት ሥራ አንድ ላይ ገባ። አንዱ የልጅ ጀለቢያ ነው፤ አንገቱን ዞሮ የሚወርድ ቀጭን ሐረግ። ሌላው የአንድ ሰፈር ቡድን ዓርማ፣ ጀርባ ላይ የሚያርፍ፣ ውስጡ ድፍን ያለ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ስንዝር ስለነበሩ እኩል ዋጋ ጠየቅሁ። ሐረጉ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ዓርማውን የዙሁር ሰላት እንደተሰገደ ጀመርኩት፤ የዐስር አዛን ሲል ገና ክር እየቆረጥኩ ነበር። ሐረጉ 6 ሺህ ስቲች፣ ዓርማው 70 ሺህ። መኪናዋ ቁጥሩን ስክሪኗ ላይ ጽፋልኝ ነበር። እኔ ግን ስንዝሬን ነው የማየው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ስቲች ማለት መርፌዋ ጨርቁን የወጋችበት ቁጥር ነው። ዋጋሽን በአንድ ሺህ ስቲች አውጪ። ይህን አንቺም ሳትሰሚ አልቀረሽም። ችግሩ ግን «በሺህ ስንት ልበል?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል፤ ጎረቤቱም እሱን ያያል። ተያይዘን ገደል።

ከራስሽ ሰዓት ተነሺ። የምጠቅሰው ብር ለስሌት እንዲመች ያደረግሁት ነው፣ የራስሽን ቁጥር አስገቢበት። የቤት ኪራይ 6 ሺህ ይሁን። የሠራተኛ 12 ሺህ (ራስሽ ብትሠሪም ለራስሽ ደመወዝ ቁረጪ፣ «እኔማ ምን አለብኝ» አትበይ)። መብራት 1 ሺህ። ለዘይት፣ ለመርፌና ለጥገና የሚቀመጥ 3 ሺህ። መኪናዋ 600 ሺህ ብር ከወጣባትና በ5 ዓመት ገንዘቧን ትመልስ ካልሽ በወር 10 ሺህ። ድምሩ በወር 32 ሺህ ብር ነው።

አሁን ይህን ለሰዓት አካፍይው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን፣ 208 ሰዓት ይላል። መኪናዋ መቼ 208 ሰዓት ሠርታ ታውቃለች? መብራት ይሄዳል። ደንበኛ ቆሞ ያወራሻል። ፍሬም ላይ ጨርቅ ስትወጥሪ እሷ ቆማ ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ደብተር ላይ ስጽፍ ከርሜ ያገኘሁት ግማሹን እንኳን በመከራ ነው። 100 ሰዓት እንበል። 32 ሺህን ለ100 ስታካፍይ በሰዓት 320 ብር ይሆናል።

መኪናዋ በደቂቃ 700 ስቲች ላይ ብትሠሪ በወረቀት ላይ በሰዓት 42 ሺህ ነው። ክር ሲበጠስ፣ ቦቢን (የስር ክር የሚጠመጠምበት) ሲያልቅ፣ ከቀለም ወደ ቀለም ስትዞር በእጅሽ የሚገባው ወደ 30 ሺህ ነው። 320ን ለ30 ስታካፍይ አንድ ሺህ ስቲች ወደ 11 ብር ያስወጣሻል። ክሩና ጨርቁ እንዳይሰበሰብ ከስር የሚገባው ወረቀት ሲጨመር 13። ይህ ትርፍ የሌለበት ነው። 30 በመቶ ትርፍ ካደረግሽበት 17 ብር ገደማ ይመጣል።

አየሽ፣ ክር ብዬ 2 ብር ውስጥ ነው የከተትኩት፤ ከወረቀቱ ጋር። ሰው ሁሉ «ክር ተወደደ» እያለ ነው ዋጋ የሚጨምረው። ክር መወደዱ እውነት ነው። ግን አንድ ሺህ ስቲች የሚበላው የላይ ክር ከ5 እስከ 6 ሜትር ብቻ ነው። የ5 ሺህ ሜትር ኮን (ትልቁ የክር ጥቅል) 900 ሺህ ስቲች አካባቢ ይሄዳል። ኮኑን 500 ብር ብትገዢው እንኳን በሺህ ስቲች 60 ሳንቲም አይሞላም። አንቺ ክር አይደለም የምትሸጪው፣ ሰዓት ነው።

ወርቃማው ብልጭልጭ ክር ግን ሌላ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ያለ እሱ አይሆንም፣ እሱ ደግሞ በየደቂቃው ይበጠሳል። እኔ ፍጥነቷን ወደ 500 አወርዳለሁ፣ ቀዳዳው ሰፊ መርፌ አስገባለሁ፣ ዋጋውን አንድ ተኩል አደርገዋለሁ። የምጨምረው ለሰዓቱ ነው።

በስቲች ብቻ ከሄድሽ ደግሞ በትንንሽ ሥራ ትሞቻለሽ። ደረት ላይ ስም ይጻፍልኝ ብሎ የሚመጣ አለ። 1,200 ስቲች ነው፣ በ17 ሲባዛ 20 ብር። ግን ጨርቁን መወጠሩ፣ ፊደሉን ማስገባቱ፣ ክር መቀየሩ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሩብ ሰዓትሽ 80 ብር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አልነካም የምትዪው መነሻ ዋጋ ይኑርሽ። እኔ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ክርክር ቀነሰልኝ።

ዲዛይን ማዘጋጀትን ለብቻው አስከፍዪ። ደንበኛ ከስልኩ የደበዘዘ ፎቶ ያሳይሽና «ይኼን» ይልሻል። ያንን ወደ ስቲች ለመቀየር አንዳንዴ ግማሽ ቀን ኮምፒውተር ላይ ትቀመጫለሽ። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ፋይሉ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ያው ደንበኛ ሲመለስ አይደገምበትም። ይህን ስትነግሪው ደስ ብሎት ይመለሳል።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ጨርቅ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጥር ላይ ነበር፣ ቡናው ተሽጦ ሠርጉ ሲደራረብ። ከሰቃ በኩል አንዲት እናት የልጃቸውን ቀሚስ ይዘው መጡ። በእጅ የተሸመነ ፈትል፣ ሳሳ ያለ፣ እፍ ቢሉት የሚበር። ቸኩያለሁ፣ ከኋላ አራት ሥራ ተሰልፏል። ከስር አንድ ስስ ወረቀት ብቻ አስገባሁ። ከላይ የሚደረገውን በውሃ የሚሟሟ ላስቲክ ተውኩት። ፍጥነቷን 850 አደረግሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። ደረቱ ላይ የሚጠለፈው መስቀል ግማሽ ላይ ሲደርስ ዙሪያው መሰብሰብ ጀመረ። አቆምኩ፣ አየሁት፣ «ካውያ ያስተካክለዋል» ብዬ ቀጠልኩ። ከፍሬሙ ሳወጣው ደረቱ እንደ ደረቀ የጎመን ቅጠል ተኮማትሮ ቀረ። ውሃ ረጨሁ፣ በእንፋሎት ተኮስኩ፣ አልተዘረጋም። ልፍታው ብዬ ጥልፉን ስቆርጥ ፈትሉ አብሮ ተቆረጠ።

እናትየው አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን እጃቸው ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ ሠርጉ እኮ በአሥረኛው ቀን ነው» አሉኝ። ተመሳሳዩን ጨርቅና ጥለት ከሽሮ ሜዳ በሰው አስገዝቼ አመጣሁ። የወሩ ትርፍ በዚያው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የራሱን ጨርቅ ሲያመጣ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ጨርቁን ፊቱ ዘርግቼ በብርሃን አያለሁ፤ ቀዳዳና እድፍ ካለ አሳየዋለሁ። ከትርፍራፊው ላይ ትንሽ ሙከራ እጠልፋለሁ፤ ትርፍራፊ ከሌለ አልጀምርም። ቢበላሽ ማን ምን እንደሚከፍል ደብተር ላይ ጽፈን እንፈራረማለን። ለሳሳ ፈትል ዋጋው ላይ 20 በመቶ እጨምራለሁ፤ ወረቀቱ ሁለት ድርብ ይሆናል፣ መኪናዋም በዝግታ ነው የምትሄድ። አንቺ 400 ስትዪ ይህን ሁሉ አስበሽው ነበር? የጎረቤትሽ 300ስ ጨርቁ ቢበላሽ የማን ዕዳ ነው?

መብራትንም አትርሺ። ሲመለስ መኪናዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ እውነት ነው። ግን በመሃል ፍሬሙን ሰው ከነካው፣ ወይ አንቺው ክር ስታስተካክዪ ከገፋሽው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ይላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ደግሞ ሐረጉን ከግንዱ ይለየዋል። ባትሪ እስክትገዢ ድረስ ትልቅ ሥራ ላይ መብራት ከሄደ ማንም እንዳይጠጋ አድርጊ።

ስለ ክርክር። «መኪናው ነው የሚሠራው፣ አንተ ምን ደከመህ?» የሚለውን ገና ብዙ ትሰሚዋለሽ። እኔ ድሮ እናደድ ነበር። አንድ ጊዜ ማልያ ያመጣ ወጣት እንዲህ ሲለኝ ዝም ብዬ ወንበር ሰጠሁት። «እሺ፣ እስኪያልቅ ተቀመጥ» አልኩት። ክር ተበጠሰ፣ አስገባሁ። ቦቢን አለቀ፣ ቀየርኩ። መርፌ ተሰበረ፣ ፈትቼ አሰርኩ። በአርባ ደቂቃው «እስካሁን አላለቀም እንዴ?» አለኝ። ሒሳቡን በቴሌብር ላከ፤ 20 ብር ግን ቀንሶ ነው የላከው። ምን ታደርጊዋለሽ።

ለዘመድና ለጎረቤት ባለቤቴ ያወጣችው ሕግ አለ። ወይ በነፃ፣ ወይ በሙሉ ዋጋ። መሃል ያለው «የዘመድ ዋጋ» አንቺንም እሱንም አያስደስትም፤ አንቺ ተበላሁ ትያለሽ፣ እሱ ደግሞ አተረፈብኝ ይላል።

ብዛት ያለው ሥራ ሲመጣ ቅናሽ ይጠየቃል። ቀንሺ፣ ግን ከምን ላይ እንደምትቀንሺ እወቂ። 40 ቲሸርት ቢሆን ዲዛይኑ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ክሩም አንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ከዚያ ላይ ቀንሺ። መርፌዋ ግን 40ውንም እኩል ነው የምትወጋው፣ ከሺህ ስቲቹ ዋጋ ላይ ብዙ የሚነሳ የለም። «አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ይሠራሉ» ካሉሽ ልክ ናቸው። እዚያ ባለ ስድስት ራስ መኪና አለ፤ አንቺ አንድ ስትጠልፊ እሱ ስድስት ይጠልፋል። 300 ዩኒፎርም በሚያህል ሥራ ከሱ ጋር አትፎካከሪ። ግን አንድ ቀሚስ ለማስጠለፍ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የለም። ያንቺ ገበያ ይኼ የአንድ አንድ ሥራ ነው። ሙሽራዋ፣ የዒድ ዓባያ፣ የምረቃ ሰሞን ተማሪው፣ የአባ ጅፋር ደጋፊው።

መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ ሲጠይቅሽ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚሠራ ጻፊበት። እኔ በ2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 60 ቲሸርት ከነጥልፉ ለማቅረብ ዋጋ ሰጠሁ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር የነበረው ዶላር ሥራውን ባጸደቁልኝ ጊዜ 100 አልፏል። የቲሸርቱ ዋጋ አብሮ ወጣ። ቃሌን አክብሬ በኪሳራ ሠራሁ፤ ክፍያውም አራት ወር ቆየ። አሁን «ይህ ዋጋ ለ10 ቀን» ብዬ እጽፋለሁ፣ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ክር አልቆርጥም።

እንግዲህ የአንቺን ሙሽራ እናስላት። 48 ሺህ ስቲች በ13 ብር 624 ነው። ትርፍ ሳይኖረው። በ17 ብር 816 ይሆናል። ጨርቁ ሳሳ ያለ ፈትል ከሆነ 20 በመቶ ጨምሪበት፣ 980 ገደማ። ወርቃማ ክር ካለው ከዚያም ይወጣል። በ400 ብትቀበይው ኖሮ ከኪስሽ 224 ብር ጨምረሽ ነበር የምትጠልፊላት። የጎረቤትሽን 300 ተይው፤ ወይ መኪናው ዕዳው አልቋል፣ ወይ ደብተር የለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወር ሙሉ መኪናዋ ስትነሳና ስትቆም ሰዓቱን ጻፊ። የእኔ 100 ሰዓት ላንቺ 70 ሊሆን ይችላል፣ 130ም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሲወጣ እዚሁ ላኪልኝ፣ አብረን እናካፍለዋለን።