ጥሩ እስክሪብቶ ስትፈልጊ መጀመሪያ ቀሰሙን እዪ

እህቴ ጥያቄሽን አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ በእጅሽ ነው የምትጽፊው፣ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ትይዣለሽ፣ ፎርም ትሞያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ ማታ ቤት ስትገቢ አውራ ጣትሽ ስር ያምሻል፣ እና አንድ ደህና እስክሪብቶ ገዝቼ ልገላገል የቱ ይሻለኛል ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ የብራንድ ስም ነው የደረደሩልሽ። አልተሳሳቱም፣ ግን ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ ያው አንዱ ብራንድ እጅ የሚገድልም እጅ የሚያሳርፍም እስክሪብቶ ይሰራልና።

እኔ ኦዲት ላይ ነኝ፣ 14 አመት ሊሞላኝ ነው። ኮምፒውተር መጣ ቢባልም እኛ ከወረቀት አልወጣንም፣ ንብረት ቆጠራ ላይ ክሊፕቦርድ ይዘን ቆመን እንጽፋለን፣ ቫውቸር ላይ አንድ በአንድ ምልክት እናደርጋለን፣ በየገጹ እንፈርማለን። ከዛ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ከአመታት በፊት የጻፈውን ስናገላብጥ ነው የምንውለው፣ የትኛው ቀለም እንደቆየ የትኛው እንደደበዘዘ በአይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከረዘመብሽ ታገሺኝ።

ስራ የጀመርኩ ሰሞን ልክ እንዳንቺ ልገላገል ብዬ አንድ የሚያብለጨልጭ የብረት እስክሪብቶ ገዛሁ፣ ከነሳጥኑ፣ ከበድ የሚል፣ ኪስ ላይ ሲሰካ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው አይነት። ሳምንት ሳይሞላው ጣቴን አጎደጎደው። መስመር መሀል ይዘላል፣ "ሂሳብ" ብዬ ስጽፍ "ሂ ብ" ሆኖ ይቀራል፣ ተመልሼ ስደግመው ደግሞ እብጥ ያለ ቀለም ይተፋብኛል። አብረውኝ የሚሰሩ አንድ አንጋፋ ሰውዬ ስታገል አይተው "እስቲ አምጣው" አሉኝ፣ ፈቱት፣ ውስጡ ያለውን ቀሰም አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉና "ልጄ አንተ የገዛኸው ካፖርቱን ነው፣ የሚጽፈው ይሄ ነው" አሉኝ። ከራሳቸው መሳቢያ ሌላ ቀሰም አውጥተው ከተቱበትና መለሱልኝ። ያው ብረት፣ ያው ክብደት፣ ግን ሳልጫነው ይጽፋል። ከዛን ቀን ጀምሮ እስክሪብቶ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ቀሰሙን ነው (ሪፊል የሚሉትን ማለቴ ነው)፣ ላንቺም የምለው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አሁን ቀሰም ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የዘይት ቀለም ነው፣ ቢክ ውስጥ ያለው። ይሄን ያመጣው ላዝሎ ቢሮ የሚባል የሃንጋሪ ጋዜጠኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው ፓተንት ያወጣበት፣ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አየና እሱን ብዕር ውስጥ ላድርገው ቢል ቀለሙ ወፍራም ሆኖ በብዕር ጫፍ አልወርድ አለው፣ ከዛ ነው ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ የመጣችው። ይሄን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም፣ የቀለሙ መወፈር ነው ጥቅሙም ጉዳቱም። ወፍራም ስለሆነ ወረቀት ላይ ቶሎ ይይዛል፣ መናኛ ወረቀት ላይ አይንሰራፋም፣ ክዳኑን ብትረሺውም ቀሰሙ ውስጥ በቀላሉ አይደርቅም። ግን ኳሷ በደንብ እንድትዞር መጫን አለብሽ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የተጫንሽው ነው ማታ አውራ ጣትሽ ስር የሚወጣው።

ሁለተኛው ጄል ነው፣ ሳኩራ የሚባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው። የጄል ተንኮሉ ምን መሰለሽ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወፈር ይላል፣ ኳሷ ስትዞር ይቀጥናል፣ እጅሽን ስታቆሚ ተመልሶ ይወፍራል፣ ስለዚህ ሳትጫኚው ይወርዳል፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው ግራጫ አይደለም። ፓይለት ጂ2፣ ዩኒቦል ሲግኖ፣ ፔንቴል ኢነርጄል የሚባሉት እዚህ ውስጥ ናቸው። ጉዳቱ ቶሎ ያልቃል፣ ለስላሳ ወረቀት ላይ ትንፋሽ ካልሰጠሽው በእጅጌሽ ይጠረጋል፣ ከጠረጴዛ ወድቆ በጫፉ መሬት ከመታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አበቃለት። ሮለርቦል የሚባልም አለ፣ ቀለሙ ውሃ ነው፣ ሲጽፉበት ደስ ይላል ግን በወረቀቱ ጀርባ ይወጣል፣ ክዳኑን ከረሳሽው ይደርቃል፣ ለስራ አልመክርሽም።

ከነዚህ ሌላ ደግሞ ያ ከመሳቢያ የወጣልኝ አይነት አለ፣ የዘይት ቀለም ሆኖ ቀጠን ተደርጎ የተሰራ፣ ሰው ሃይብሪድ ይለዋል። ዩኒ ጄትስትሪም ከዚህ ወገን ነው፣ የሚትሱቢሺ ፔንስል ስራ ነው (በነገራችን ላይ መኪና ከሚሰራው ሚትሱቢሺ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም፣ እኔም ለብዙ ጊዜ አንድ ይመስሉኝ ነበር)። ሽሚት የሚባሉት ጀርመኖችም ኢዚፍሎው 9000 የሚል ቀሰም አላቸው። እንደ ጄል ይንሸራተታል፣ እንደ ቢክ ቶሎ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ ጄል ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ።

እየተጫንሽ መሆን አለመሆንሽን ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ ዛሬ የጻፍሽበትን ወረቀት ገልብጪና ጀርባውን በጣትሽ ዳብሺው። ፊደሎቹ እንደ ጠባሳ ተነስተው ከተሰሙሽ ህመሙ ከየት እንደመጣ አገኘሽው። እኔ ያን ጊዜ ሶስት ገጽ ወደታች ነበር የሚነበበው፣ ደብተሬን ገልጬ ነገ የምጽፍበት ገጽ ላይ የዛሬው ተቀርጾ አገኘው ነበር። ቀሰሙ ከተቀየረ በኋላ እንኳ እጄ ልማድ ሆኖበት ሁለት ሶስት ሳምንት መጫኑን አልተወም፣ ስለዚህ አዲስ እስክሪብቶ ገዝተሽ በማግስቱ ካልተሻለሽ ተስፋ አትቁረጪ። አንድ ነገር ብቻ፣ በካርቦን ኮፒ የምትሞያቸው ፎርሞች ካሉ እዛ ላይ መጫን ግድ ነው፣ ለነሱ ተራውን ቢክ ለብቻ ያዢ፣ በጄል ስትሞይ ላይኛው ያምራል፣ ሶስተኛው ኮፒ ላይ ግን ምንም የለም።

የጫፍ ውፍረት። ላዩ ላይ 0.5፣ 0.7፣ 1.0 ተብሎ የሚጻፈው የኳሷ ስፋት ነው በሚሊሜትር፣ የመስመሩ ውፍረት አይደለም፣ መስመሩ ከዛ ይቀጥናል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ነገር በላቲን ከሚጽፈው ይበልጥ ወሳኝ ነው የምለው በምክንያት ነው። የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው፣ "ሌ" እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት በወፍራም ጄል ከተደፈነች "ሊ" ሆነች ማለት ነው፣ ጠባብ የፎርም ሳጥን ውስጥ ስም ስትጽፊ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ የአንድ ሰው ስም "ሌ" ይሁን "ሊ" ለማጣራት ግማሽ ቀን የጨረስኩበት ፋይል አለ። እጅሽ ጽሁፉ ደቀቅ የሚል ከሆነ ጄል ከሆነ 0.5፣ ሃይብሪድ ከሆነ 0.7 ያዢ። 0.38 የሚባል ክር የመሰለም አለ፣ ለማስታወሻ ጠርዝ ጥሩ ነው፣ ሸካራ ወረቀት ላይ ግን ይቧጭራል። 1.0 ለፊርማ ያምራል።

ወደ ካፖርቱ እንመለስ። ቀሰሙ የሚቀየርለት እስክሪብቶ ግዢ፣ የሚቀየረውም እንደልብ የሚገኝ መጠን ይሁን። በብዛት የተለመደው የፓርከር አይነት የሚባለው አጭርና ወፈር ያለው ቀሰም ነው፣ በአለም አቀፍ ስታንዳርዱ (አይኤስኦ 12757) ጂ2 ይባላል፣ ፓርከር ጆተር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለ እስክሪብቶ ነው፣ ዛሬም ይሄንኑ ቅርጽ ነው የሚቀበለው፣ ሌሎች ብዙ ድርጅቶችም ለዚሁ መጠን ይሰራሉ። እዚህ ጋ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፣ ፓይለት ጂ2 የሚባለው እስክሪብቶና ጂ2 የሚባለው የቀሰም መጠን ስማቸው ብቻ ነው የሚገናኘው፣ የፓይለቱ ቀሰም ረጅም ነው ፓርከር ውስጥ አይገባም። እኔ ገዝቼ መጥቼ በመቀስ ላሳጥረው የሞከርኩ ሰው ነኝ፣ ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም፣ ሸሚዙን ግን ጥዬዋለሁ።

ክብደቱን በተመለከተ ከባድ ማለት ጥራት ማለት አይደለም። ትንሽ ክብደት ወደ ጫፉ ሲያደላ እጅ ያግዛል፣ ወደ ኋላ ሲያደላ ግን እስክሪብቶው በሄደ ቁጥር እየመለስሽው ነው የምትውዪው። መያዣው ቀጭንና የሚያዳልጥ ብረት ከሆነ ሳታውቂው ጨምቀሽ ትይዢዋለሽ፣ ወፈር ያለና ጎማ ወይ ሸካራ ነገር ያለበት ይሻላል። ስብሰባ ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ የሚወድ እጅ ካለሽ ደግሞ ተጠምዞ የሚወጣውን ግዢ፣ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ይመርቅሻል።

አሁን ሰው የማያነሳው ግን ለኛ ስራ ዋናው ነገር፣ ቀለሙ ነገም መኖር አለበት። በሙቀት የሚጠፋ ቀለም ያለው እስክሪብቶ አለ፣ ጫፉ ላይ ባለችው ጎማ ስታሺው ይጠፋል፣ የሚጠፋው ጎማዋ ስለፋቀችው ሳይሆን ፍትጊያው ስለሚያሞቀው ነው፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለም አልባ ይሆናል። እኔ አላወቅኩም። ስርዝ ድልዝ የሌለው ቆንጆ የቆጠራ ማስታወሻ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩበት፣ ደብተሩን መኪና ውስጥ መስታወቱ ስር ጸሀይ ላይ ትቼው ገባሁ፣ ስመለስ ባዶ ደብተር። እመኚኝ፣ መጀመሪያ የሰው ደብተር ያነሳሁ ነው የመሰለኝ። አንድ ልጅ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው አለኝ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አደረኩት፣ እውነትም ተመለሰ፣ ግን በጎማ ያጠፋሁት ስህተት ሁሉ አብሮ መጣ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ተደራርቦ የትኛው እንደጸና የትኛው እንደተሰረዘ ለመለየት እንደገና ቆጠራ ወጣን። ለራስሽ ረቂቅ ተጠቀሚበት፣ የምትፈርሚበት ነገር ላይ ግን እንዳታስጠጊው።

ለሰነድ ከሆነ ቀሰሙ ወይ ማሸጊያው ላይ አይኤስኦ 12757-2 የሚል ካየሽ የዘይት ቀለም ሆኖ ለሰነድ የተፈተነ ነው፣ ለጄል ደግሞ 27668-2 ነው። እንደ ዩኒቦል ሲግኖ 207 ያሉት ጄሎች ፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ የቀለም ብናኝ) ስላላቸው ቀለሙ የወረቀቱ ክር ውስጥ ይገባል፣ ቼክ ላይ የተጻፈን በኬሚካል አጥቦ ሌላ ቁጥር ለመጻፍ ለሚሞክር ሰው ያስቸግራል። ተራው የዘይት ቀለም ውሃ ይችላል፣ በአልኮል ግን ይሟሟል። ስለዚህ እኔ ማስታወሻ በሃይብሪድ፣ ፊርማና የገንዘብ ቁጥር በፒግመንት ጄል ነው የማደርገው። አንድ እስክሪብቶ ነበር የጠየቅሽው አውቃለሁ፣ ሁለት ሆነብሽ፣ ምን ላድርግ።

ኒብ (ቀለሙ የሚወርድበት የተሰነጠቀ የብረት ጫፍ) ያለው የድሮው ብዕርስ ብለሽ ከሆነ፣ እጅ ለማሳረፍ እሱን የሚያክል የለም፣ በራሱ ክብደት ይጽፋል። ግን የቢሮ ወረቀት ላይ ቀለሙ እንደ ስር ይሰራጫል፣ ማጠብ አለው፣ መሙላት አለው፣ "አንዴ ልፈርምበት" ብሎ የተዋሰሽ ሰው እንደ ቢክ ተጭኖ ኒቡን ከፍቶ ይመልስልሻል። የኔ ቤት ነው ያለው።

ለመግዛት ስትሄጂ የራስሽን የስራ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ የሱቁ መሞከሪያ ወረቀት ላይ ሁሉም እስክሪብቶ ጥሩ ነው። ዝም ብለሽ ክብ ክብ አታድርጊ፣ ማንም በክብ አይጽፍም፣ በምትጽፊበት ፍጥነት ሁለት ሶስት መስመር ጻፊበት፣ ቁጥርም ጨምሪ፣ ከዛ ወዲያው በጣትሽ ጥረጊው፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጠሽ ጀርባውን ዳብሺው።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የፓርከር አይነት ቀሰም የሚቀበል፣ መያዣው ወፈር ያለ ቀላል እስክሪብቶ ገዝቼ 0.7 ሃይብሪድ ቀሰም እከትበታለሁ፣ ለፊርማ አንድ ጥቁር 0.7 ፒግመንት ጄል እጨምራለሁ። ግን ያልነገርሽን ነገር አለ፣ ግራኝ ነሽ? ከሆንሽ እጅሽ የጻፍሽውን እየጠረገ ነው የሚሄደው፣ ጄሉን ቶሎ በሚደርቅ መቀየር ሊኖርብን ነው፣ ጻፊልኝና እሱን ለብቻ እነግርሻለሁ።