ስምና ባለ ስሙ፦ ፓይተን ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ታናናሾቼ፣

ከዓመታት በፊት ለአንድ መደብር ደረሰኝ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ ነበር። ዕቃ የሚመዘግበው ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚያከናውን የኮድ ክፍል) ሁለት አርጊውመንት (ሲጠራ የሚሰጠው ነገር) ይቀበላል፤ አንዱ ዕቃው፣ ሌላው ዕቃው የሚጨመርበት ሊስት (ዝርዝር) ነው። የእያንዳንዱ ደንበኛ የመጀመሪያ ዕቃ ሲመዘገብ ሊስት ገና ስለሌለ፣ ባዶ ሊስት በደፎልት (ምንም ካልተሰጠው በራሱ የሚወስደው) እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። የሞከርሁት በአንድ ደንበኛ ብቻ ስለነበር እንከኑ አልታየኝም። ሥራ በጀመረበት ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ስኳርና ዘይት ገዝቶ ሄደ፤ ቀጥላ የመጣችው እናት አንድ ሳሙና ብትገዛ ደረሰኟ ላይ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ተጽፎ ወጣ። ገንዘብ ተቀባይዋ በእኔ ጥፋት ይቅርታ ስትጠይቅ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ነው። ፓይተን ደፎልቱን የሚፈጥረው ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ሳይሆን ፈንክሽኑን የሚፈጥረው የ«ዴፍ» መስመር ሲፈጸም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ባዶ ነው ያልሁት ሊስት ከጠዋት ጀምሮ ያው አንዱ ሊስት ነበር። መፍትሔው ደፎልቱን «ነን» አድርጎ (ከእኛ «ነን» ጋር ቢመሳሰልም ፍችው «ምንም የለም» ነው) አዲሱን ሊስት እዚያው ፈንክሽኑ ውስጥ መፍጠር ነው።

ነገሩ የሚገባችሁ ቫሪያብልን እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን እንደ ስም ስታዩት ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ልጅ የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም ሊኖረው ይችላል፤ እናቱ በቤት ስሙ ጠርታ ፀጉሩን ብትላጨው፣ አስተማሪው በሌላኛው ስሙ ሲጠራው ብድግ የሚለው ያው የተላጨው ልጅ ነው። ሊስትን አርጊውመንት አድርጋችሁ ስትሰጡም ፈንክሽኑ የሚያገኘው ቅጂ ሳይሆን ሁለተኛ ስም ነው፤ በ«አፔንድ» ቢጨምርበት የእናንተም ሊስት ይጨምራል። በእኩል ምልክት አዲስ ሊስት ቢሰጠው ግን ስሙን ለሌላ ልጅ አወጣው ማለት ነውና፣ የእናንተው ባለበት ይቆያል።

ስኮፕም (አንድ ስም የሚታወቅበት ክልል) የስም ጉዳይ ነው። ፓይተን አንድን ስም በመጀመሪያ በፈንክሽኑ ውስጥ፣ ከዚያ ፈንክሽኑን በከበበው ፈንክሽን፣ ቀጥሎ በፋይሉ፣ በመጨረሻም ከቋንቋው ጋር አብረው በመጡት ስሞች መካከል ይፈልጋል። ጀማሪን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ ከውጭ «ቆጣሪ» 10 ነው እንበል፤ ፈንክሽኑ ቢያትመው 10 ይወጣል፤ ከማተሚያው መስመር በታች ቆጣሪው ላይ 1 የሚጨምር መስመር ስታስገቡ ግን ቀድሞ ይሠራ የነበረው የላይኛው መስመር ኤረር ይሰጣል። ፈንክሽኑ ውስጥ የትም ቦታ ላይ እሴት የተሰጠው ስም ለመላው ፈንክሽን የውስጥ ስም ስለሚሆን፣ ማተሚያው ገና ምንም ያልያዘ ስም ይገጥመዋል። ስሙ የፋይሉ መሆኑን በሚናገረው «ግሎባል» ይህን ማለፍ ይቻላል፤ ለከበበው ፈንክሽን ስም ደግሞ ከፓይተን 3 ጋር በ2008 የመጣው «ኖንሎካል» አለ። እኔ ግን ቆጣሪውን በአርጊውመንት ተቀብሎ በ«ሪተርን» የሚመልስ ፈንክሽን እመርጣለሁ፤ «ግሎባል» በበዛበት ኮድ ውስጥ ቁጥሩን ማን እንደለወጠው ስፈልግ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

ዛሬ ማታ አንድ ሊስት በ«አይዲ» መለያ ቁጥሩን አትሙት፤ ለፈንክሽን ስጡትና እዚያም አትሙት፤ ከ«አፔንድ» በኋላ ድገሙት፤ በመጨረሻም በእኩል ምልክት አዲስ ሊስት ስጡትና እንደገና አትሙት። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው አራተኛው ሲለይ ታያላችሁ።